በረዶ በሠራ መሬት ላይ የሐዲድ መሠረት እንዴት ይጸናል?

ማንኛውም ግንበኛ መሠረት ሲቈፍር ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ድረስ ይወርዳል። ካገኘም በኋላ መሬቱ ነገም እንደ ዛሬው እንደሚሆን ሳይጠራጠር ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን ይህ እምነት የማያስተማምንባቸው ሰፋፊ አገሮች አሉ። በሳይቤሪያ፥ በሰሜን ካናዳ፥ በአላስካና በቲቤት አምባ ብዙው መሬት እንደ ድንጋይ የጠነከረው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ስለ ሠራ ነው። በረዶው የቀለጠ ዕለት ያ ድንጋይ መሳይ መሬት ጭቃ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው እንዲህ ባለ መሬት ላይ የባቡር ሐዲድ እንዴት ጸንቶ ሊቆይ እንደሚችል ነው።

ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ የሚቆይ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። ከበላዩ ያለው ንብርብር ግን በሙቀት ወራት ይቀልጣል፤ በብርድ ወራት ተመልሶ በረዶ ይሠራል። (ክረምትና በጋ የሚሉትን ቃላት የተውኳቸው የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ስለ ሆነ አንባቢን እንዳያሳስቱ ብዬ ነው።) ውሃ በረዶ ሲሠራ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ በረዶ የሚሠራው አፈር ከታች ውሃ እየሳበ በውስጡ የበረዶ ንጣፍ ያበጃል። ስለዚህ መሬቱ ያብጣል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ይሰምጣል። በአገራችን የዋልካ መሬት ዝናብ ሲያገኝ አብጦ፥ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ያየ ሰው፥ ምንም እንኳ ምክንያቱ ሌላ ቢሆን፥ በመሠረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በቀላሉ ይገምታል።

መሬቱ ሁሉ በእኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ አንዱ ሥፍራ ሲሰምጥ ሌላው እንዳለ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ሐዲዱ ይጣመማል፤ ባቡሩም ፍጥነቱን ካልቀነሰ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1929 እስከ ቸርችል የደረሰው የካናዳው የሐድሰን ቤይ መሥመርና የሩሲያው የባይካል–አሙር መሥመር በዚህ ምክንያት ብዙ ጥገና ሲጠይቁ ኖረዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው፥ መሬቱን የሚያቀልጠው ብዙ ጊዜ ራሱ የባቡር መንገዱ መሆኑ ነው። ሣሩ ሲገፈፍ መሬቱ መከለያውን ያጣል፤ ለሐዲዱ የተደለደለው የአፈር ክምር የፀሐይን ሙቀት ይቀበላል፤ በክምሩ ግርጌ የሚታቆር ውሃም ሙቀት ወደ ታች ያስገባል።

የቀድሞ መሐንዲሶች መፍትሔ ክምሩን ከፍ ማድረግ ነበር፤ ይህም መሬቱን ብርድ ልብስ እንደ ማልበስ ነው። ብርድ ልብስ ግን ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። መሬቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ሙቀቱ ለ0 ዲግሪ በቀረበበት ግን አይበቃም። እንዲያውም ክምሩ በረዘመ ቁጥር ፀሐይ የሚያርፍበት ጎኑ ይሰፋል፤ በደቡብ በኩል ያለው ጎን ከሰሜኑ ይልቅ ስለሚሞቅም ክምሩ በቁመቱ ይሰነጠቃል።

ይህን ጥያቄ በግልጥ ያወጣው ከጎልሙድ እስከ ላሳ የተዘረጋው 1,142 ኪሎ ሜትር የቲቤት መሥመር ነው። ከሺኒንግ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1984 ጎልሙድ ላይ አገልግሎት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቆሞ ነበር። የቀረው ክፍል ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ በ2006 ለመንገደኞች ተከፈተ። ከፍተኛው ሥፍራ፥ የታንግላ በር፥ ከባሕር ወለል በላይ 5,072 ሜትር ነው። ከመሥመሩ 550 ኪሎ ሜትር ያህሉ በፐርማፍሮስት ላይ ያልፋል፤ የዚህም ግማሽ ያህሉ መሬት ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ እንኳ የማይቀዘቅዝ ነው።

ቼንግ ጉዎዶንግና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት አሳብ ሙቀትን መከላከል ብቻ ሳይሆን መሬቱን ይበልጥ ማቀዝቀዝ ይገባል የሚል ነበር። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ክምሩ ውስጥ ደቃቅ የሌለበት የትልልቅ ድንጋይ ንብርብር ይነጠፋል። በብርድ ወራት ከላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ በድንጋዮቹ መካከል ይወርዳል፤ ሞቃቱም ይወጣል። በሙቀት ወራት ግን ሞቃቱ ቀላል አየር ከላይ ስለሚሆን አየሩ አይዘዋወርም፤ በመካከል የቆመው አየርም ሙቀቱን ያግዳል። ስለዚህ ንብርብሩ ብርድን የሚያስገባ፥ ሙቀትን የሚመልስ በር ይሆናል።

ሁለተኛ፥ አሞንያ የተጨመረባቸው ድፍን የብረት ቱቦዎች በመንገዱ ዳር ይተከላሉ። አሞንያው ከታች የመሬቱን ሙቀት ወስዶ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለብርዱ አየር ከሰጠ በኋላ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። አየሩ ከመሬቱ ሲሞቅ ሥራው በራሱ ይቆማል። ሞተርም ነዳጅም አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፥ መሬቱ እጅግ አስቸጋሪ በሆነበት ሥፍራ ክምር ቀርቶ ድልድይ ይሠራል። ምሰሶዎቹ በጥልቀት ይተከላሉ፤ ከሥሩም ጥላና ነፋስ ይኖራል። 11.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የችንግሹዪሄ ድልድይ የተሠራው በዚህ አሳብ ነው። ከነዚህም ሌላ የፀሐይ መከለያ ሰሌዳዎችና ነፋስ ማስገቢያ ቱቦዎች ተሞክረዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጉዳዩ አልተዘጋም። የቲቤት አምባ ከዓለም አማካይ በበለጠ ፍጥነት እየሞቀ ነው። ነፋስ የሚያመጣው አሸዋም የድንጋዮቹን ክፍተት ሲሞላ አየሩ የሚመላለስበት መንገድ ይጠባል። ስለዚህ በመሬቱ ውስጥ የተቀበሩት የሙቀት መለኪያዎች ዘወትር መነበብ፥ የውሃ መውረጃ ቦዮችም መጠረግ አለባቸው።

ከዚህ የምንረዳው፥ በእንዲህ ያለ አገር የመሐንዲሱ ጠላት ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱ መሆኑን ነው። በሌላ ሥፍራ መሠረት አንድ ጊዜ ተጥሎ ይረሳ ይሆናል፤ በፐርማፍሮስት ላይ ግን በየዓመቱ ከብርድ ወራት አዲስ ጥንካሬ መቀበል አለበት። ይህ የተቋረጠ እንደ ሆነ ከሐዲዱ በላይ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ የተሸከመው መሬት በዝግታ ወደ ጭቃነት መመለስ ይጀምራል።