የላፕቶፑ ድምፅ ወዴት ጠፋ?

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በአሰላ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ዘልቆ ይገባል። እንበልና አንድ ተማሪ ጋቢውን ተከናንቦ ለመውጫ ፈተና ያጠናል። አብረውት የተከራዩት ሁለት ባልንጀሮቹ ተኝተዋል። ትምህርቱን በቪዲዮ ለመከታተል ማዳመጫውን በላፕቶፑ ጎን ባለችው ቀዳዳ ሰካ። የመምህሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ማዳመጫውን ቢነቅለው ድምፁ ክፍሉን ሞላውና ባልንጀሮቹ ደንግጠው ቀና አሉ። መልሶ ቢሰካው እንደ ገና ዝም አለ።

ይህ ተማሪ በማግሥቱ ወደ ጠጋኝ ሄዶ «ቦርዱ ተበላሽቷል» ቢባል፥ ለወር ቀለብ የተላከለትን ገንዘብ አውጥቶ ይሰጥ ይሆናል። አዲስ ተቀጣሪውም የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ እንዲሁ ያደርግ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፥ ብዙ ጊዜ ኪሳችንን የሚጎዳው የዕቃው መበላሸት ሳይሆን ጉድለቱን በቅደም ተከተል አለመፈለጋችን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

በመጀመሪያ ይህች «ጃክ» የምትባለው ቀዳዳ ምን እንደ ሆነች እንወቅ። ከላፕቶፕ ጋር የተወለደች አይደለችም፤ ትውልዷ ከስልክ ማዞሪያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የስልክ ሠራተኞች ሁለት ሰዎችን የሚያነጋግሩት ባለገመድ መሰኪያ ከሰሌዳው ቀዳዳ እየሰኩ ነበር። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዚያው ዘመን፥ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። የማዞሪያው መሰኪያ ውፍረት 6.35 ሚሊሜትር ነበር። ትራንዚስተር ራዲዮ ሲስፋፋ 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ታናሹ ተለመደ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዎክማን የተባለው የኪስ ካሴት ማጫወቻ ሲወጣም በዓለም ሁሉ ታወቀ።

መሰኪያውን ቢመለከቱ በቀለበቶች ተከፋፍሎ ያዩታል። ጫፉ ለግራ ጆሮ፥ ቀጥሎ ያለው ለቀኝ ጆሮ ድምፅ ያደርሳል። ሁለት ቀለበት ካለው የቀረው ክፍል የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው፤ ሦስት ቀለበት ካለው ደግሞ ለማይክሮፎን የሚያገለግል አራተኛ ክፍል ተጨምሮለታል። በቀዳዳይቱ ውስጥ እነዚህን ክፍሎች የሚነኩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። መሰኪያው መግባቱንም ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቅ መሣሪያ አለ፤ የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምልክት እናገኛለን። ማዳመጫው ተሰክቶ ሳለ ድምፁ አሁንም ከላፕቶፑ ከወጣ፥ መሰኪያው በደንብ አልገባም ወይም ኮምፒዩተሩ አላወቀውም። ማጉያው ዝም ብሎ ማዳመጫውም ዝም ካለ ግን ኮምፒዩተሩ መሰኪያውን አውቆታል፤ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

እንግዲህ ምንም ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር።

አንደኛ፥ ማዳመጫውን በስልክ ወይም በራዲዮ ላይ ይሞክሩት። በዚያም ዝም ካለ ጉድለቱ የማዳመጫው ነው፤ ላፕቶፑ ከክስ ነጻ ይወጣል።

ሁለተኛ፥ ቀዳዳይቱን በእጅ ባትሪ አብርተው ይመልከቱ። በአርሲ ደጋ ገብስና ስንዴ በሚወቃበት ወራት አቧራና እብቅ ከየቦርሳው ይገባል፤ የኪስ ብናኝም ይጠራቀማል። ላፕቶፑን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ ያውጡት። መርፌና እስፒል የብረቱን ምላስ ያጣምማሉ፤ በአፍ መንፋትም እርጥበት ያስገባል። ከዚያ መሰኪያውን «ቀጭ» እስኪል ይግፉት።

ሦስተኛ፥ ድምፁ ወዴት እንደ ተላከ ይመርምሩ። በዊንዶውስ ላይ ከታች በስተቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ከፍተው ማዳመጫው መመረጡን ይመልከቱ። ትናንት በስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ወይም ከብሉቱዝ ጋር አገናኝተው ከሆነ ድምፁ ወደዚያው ተመርጦ ቀርቶ ይሆናል። የማዳመጫውና የማጉያው የድምፅ መጠንም ለየብቻ ሊቀመጥ እንደሚችል ልብ ይበሉ።

አራተኛ፥ ላፕቶፑን «ሪስታርት» ያድርጉት። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል ሲጠፋም የሥራውን ከፊል ሊያስቀምጥ ስለሚችል፥ አጥፍቶ ከማብራት ይልቅ ይህ ይሻላል።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ካልረዳ የድምፁ ድራይቨር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ለላፕቶፑ ሞዴል የተዘጋጀውን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ይገባል።

ከዚህም በኋላ ድምፅ ከሌለ፥ ወይም መሰኪያውን ሲነካኩት ድምፁ መጣ ሄደ የሚል ከሆነ፥ ጃኩ ራሱ ላልቶ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ መሄድ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዋጋ ከመስማማትዎ በፊት «ጃኩ በትንሽ ቦርድ ላይ ለብቻው ነው? ወይስ ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የፊተኛው በቀላሉ ይለወጣል፥ የኋለኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላፕቶፑን ማስከፈት የማይፈልግም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ገዝቶ ጃኩን ሊተወው ይችላል።

ያ ተማሪያችንስ? ማዳመጫውን በስልኩ ሞከረው፤ ይናገራል። ቀዳዳይቱን አበራባት፤ ንጹሕ ናት። የድምፁን ምልክት ሲከፍት የማዳመጫው መጠን ዜሮ ላይ ወርዶ አገኘው። ለካ ባለፈው ሳምንት በቤተ መጻሕፍት ሳለ ሰው እንዳይረብሽ ብሎ የዘጋው ራሱ ኖሯል! ድምፁን ከፍ አድርጎ ጥናቱን ቀጠለ። ባልንጀሮቹም ተኙ፤ የወሩም ቀለብ ከኪሱ አልወጣም።