በሩ የጠፋ ቁልፍ

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከሰፈሩ የተነሣ ቤተሰብ መሳቢያው ውስጥ በሩ የጠፋ ቁልፍ አይታጣም። እናንተም ካላችሁ አትጣሉት፤ ለዛሬ ሙከራችን ይጠቅመናል።

ቤት ባለው ጓጉንቸር ሁሉ ሞክሩት። የጎረቤትንም አስፈቅዳችሁ ሞክሩ። አብዛኛው እምቢ ይላል። ርካሹ ጓጉንቸር ግን አንዳንዴ በሰው ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሁለቱን ቁልፎች ደርባችሁ በመስኮት ብርሃን እዩዋቸው፦ ጥርሳቸው ይመሳሰላል።

ጓጉንቸር ቁልፉን ሙሉውን አያይም። ውስጡ በስፕሪንግ የሚገፉ ጥቂት ደቃቅ ብረቶች አሉ፤ የሚለኩት የጥርሶቹን ጥልቀት ብቻ ነው። ከገጠመ ይከፈታል፣ ቁልፉ የማንም ይሁን።

ሰውነታችንም ጠላቱን የሚለየው እንዲሁ ነው። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጀርሙን ሙሉውን አያይም፤ ተቆርሶ የቀረበለትን ቁራሽ ያነባል። ቁራሹን የሚያቀርቡለት ኤች ኤል ኤ የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጂኖቻቸው ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ተደርድረው ከእናትና ከአባት ይወረሳሉ፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያሉ።

አንዳንዱ የኤች ኤል ኤ ዓይነት የገዛ አካላችንን ቁራሽ የባዕድ እንዲመስል አድርጎ ያቀርባል። ጥቃቱ ቆሽት ላይ ሲያርፍ ዓይነት 1 ስኳር ይመጣል፤ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ እብጠትና ቁርጥማት፤ ታይሮይድ ዕጢም አይቀርለትም። እህት ታይሮይድ፣ ወንድም ስኳር የሚታመሙበት ቤት የሚኖረው ለዚህ ነው። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ ከመንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የልጆቹ ነው። ጉሮሮ የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ላዩ ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመምታት የሠራው መሣሪያ ዞሮ የልብን ቫልቮች ያቆስላል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ይህን ማስቀረት ግን ይቻላል። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን የተሰጠው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ይተርፍለታል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም። በድሮውም ሰፈራችሁ ሁኑ በአዲሱ፣ ልጃችሁ አተኩሶት መዋጥ ሲያቅተው «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።