ያውቁ ኖሯል? የቅጠልን በር የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ነው
ዕፅዋት ነርቭ ባይኖራቸውም በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ጎህ ሲቀድ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው ሰማያዊው ቀለም ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ፎቶትሮፒን የተባለ ፕሮቲን ይቀሰቀሳል። ያኔ እያንዳንዷን የአየር ቀዳዳ ግራና ቀኝ የሚጠብቁት ሁለት ሕዋሳት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የሃይድሮጂን አዮኖች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ውስጣቸውም ከውጭው ከ100 ሚሊቮልት በላይ ኔጋቲቭ ይሆናል። ይህ ልዩነት ፖታሲየምን ይስባል፤ ፖታሲየሙን ደግሞ ውሃ ይከተለዋል። ሕዋሳቱ በውሃ ተወጥረው እንደ ደጋን ሲለመጡ ቀዳዳዋ ትከፈትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው!

የዕፅዋትን የኤሌክትሪክ ምልክት ቀድሞ የመዘገበው እንግሊዛዊው ጆን በርደን ሳንደርሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1873፣ በቻርልስ ዳርዊን ጠያቂነት፣ ነፍሳትን በሚያጠምደው የቬነስ ፍላይትራፕ ቅጠል ላይ።