የተቆለፈ የእጅ ስልክና የተሰወረ ዋጋ

በቤታችን ከሚገኘው ዕቃ ሁሉ የእጅ ስልክን ያህል ከሰው ልብ ጋራ የተጣበቀ ዕቃ በዚህ ዘመን እምብዛም አይገኝም። ልጁ በሩቅ አገር የሚኖርበት ወላጅ የልጁን ድምፅ የሚሰማውም መልኩን የሚያየውም በዚሁ ዕቃ ነው። ስለዚህ ስልኩ ተቆልፎ በተገኘ ጊዜ የሚያሳዝነው የዕቃው ነገር ብቻ አይደለም፤ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው በር የተዘጋ ይመስላል። በዚህም ጭንቀት የሚነግዱ ሰዎች ስላሉ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነውና በዚህ ገጽ ልንናገርበት አሰብን።

ስማቸውን መግለጽ የማያስፈልገን አንዲት የምናውቃቸው ወይዘሮ በአዲስ አበባ ይኖራሉ። በአሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው ስትሠራበት የቆየችውን ስልክ አሳምራ ጠቅልላ በመንገደኛ እጅ ላከችላቸው። ወይዘሮዋም ደስ ብሏቸው የራሳቸውን ሲም ካርድ ቢያስገቡበት ስልኩ አልቀበልም አለ። ነገሩን በዱባይ ተቀጥሮ ለሚሠራው ለእህታቸው ልጅ ቢነግሩት፤ «እትዬ፤ እርስዎ አይጨነቁ፤ ይህን በኢንተርኔት በነፃ የሚከፍቱ አሉ» ብሎ መለሰላቸው።

እውነትም ማስታወቂያው «በነፃ» የሚል ነበረ። ነገር ግን ወጣቱ የስልኩን ቁጥር ከጻፈ በኋላ ለምርመራ ብቻ ነው ተብሎ 5 ዶላር ተጠየቀ፤ ከፈለ። በማግሥቱ የስልኩ ቁልፍ ከባድ ስለ ሆነ ልዩ አገልግሎት ያስፈልገዋል የሚል ቃል መጣና 40 ዶላር ተጠየቀ፤ ይህንንም ከፈለ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሥራው እንዲፋጠን 25 ዶላር ጨምር ተባለ። ቀድሞ የከፈለው እንዳይባክንበት በመስጋት ሦስተኛውንም ሰጠ። ስልኩ ግን እንደ ተቆለፈ ቀረ። ገንዘቡ እንዲመለስለት ቢጠይቅ፤ ምርመራው ከተጀመረ በኋላ ገንዘብ አይመለስም የሚል ቃል በገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አሳዩት። ይህም ሳይበቃ በሚቀጥለው ወር የአባልነት ክፍያ ተብሎ ከባንክ ካርዱ ሌላ ገንዘብ ተወሰደ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ወጣቱ መታለሉን ለአክስቱ መንገር አፈረ። ወይዘሮዋም ልጃቸው «የላክሁት ስጦታ የማይረባ ሆነ» ብላ እንዳታዝን ብለው ዝም አሉ። ልጂቱ ደግሞ እናቷ በአዲሱ ስልክ አለመደወላቸውን አይታ ስጦታው አላስደሰታቸውም ብላ አሰበች። እንግዲህ ሦስት የሚፋቀሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው በመተሳሰብ ብዛት ወራት ሙሉ ተደባበቁ። በፋሲካ ሰሞን ነገሩ ሲገለጥ ልጂቱ ስልኩን ለሸጠላት ኩባንያ ጻፈች። ከስልኩ ዋጋ ሳይከፈል የቀረ የሁለት ወር ዕዳ እንዳለ ተነገራት፤ እርሱን ብትከፍል ስልኩ በሁለት ቀን ውስጥ ተከፈተ። ለመክፈቻው አንድ ሳንቲም አልተጠየቀችም።

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለ፤ ስልክ የሚቆለፈው ስለ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የስልክ ኩባንያዎች ስልኩን በወር በወር በሚከፈል ዋጋ ወይም በቅናሽ ይሸጣሉ። ገዢው ሂሳቡን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዳይሄድ ስልኩን በራሳቸው መስመር ብቻ እንዲሠራ አድርገው ይቆልፉታል፤ በገበያ ቋንቋ «ሎክ ነው» የሚባለውም ይኸው ነው። ስልክ ሁሉ አይ ኤም ኢ አይ የሚባል ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፤ ኮከብ፤ መሰላል፤ 06፤ መሰላል ብሎ የጻፈ ሰው ቁጥሩን ያየዋል። ቁልፉ የሚፈታውም በዚህ ቁጥር እየታየ በኩባንያው ፈቃድ ነው። አይፎን የሚሠራው አፕል ራሱ ይህን ቁልፍ ሊከፍት የሚችለው የስልክ አገልግሎት ኩባንያው ብቻ መሆኑን ለደንበኞቹ ይነግራል። እንግዲህ በኢንተርኔት የሚያስታውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ የቁልፉ ባለቤት ሳይሆን በመካከል የቆመ ደላላ ነው።

ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ አለ። አፕል ከ2006 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ በስልኮቹ ላይ ያደረገው ይህ ቁልፍ ስልክ የሰረቀ ሰው እንዳይጠቀምበት የተሠራ ነው። የሚከፈተው በባለቤቱ የምስጢር ቃል ነው፤ ባለቤቱም በሩቅ አገር ሆኖ ስልኩን ከስሙ ሊያወጣው ይችላል። ያ ባይሆን የመጀመሪያውን የግዢ ደረሰኝ ለአፕል አቅርቦ መጠየቅ ይቻላል። አሳሳች ማስታወቂያዎች ግን ሁለቱን ቁልፎች ሆን ብለው ያደባልቃሉ፤ የአንዱን ዋጋ ከተቀበሉ በኋላ «ሌላ ቁልፍ ተገኘ» ብለው እንደገና ይጠይቃሉ።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል፤ ቀኖቹን በአገራችን አቈጣጠር ጽፈናል። በአሜሪካ ሰው የገዛውን ስልክ ማስከፈት እንዲፈቀድለት የሚያዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ 25 ቀን ፈረሙት። ከዚያም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ዕዳውን የጨረሰ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ስልኩን ሊከፍቱለት፤ በሁለት የሥራ ቀንም ውስጥ መልስ ሊሰጡት ቃል ገብተው ነበር። ካናዳ ከ2010 ዓ.ም. ኅዳር 22 ቀን ጀምሮ ኩባንያዎች ለመክፈቻ ዋጋ እንዳይቀበሉ ከለከለች። እንግሊዝ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 8 ቀን ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ ከቶ እንዳይሸጡ አደረገች፤ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 28 ቀን የጸናው ሌላው ሕጓም ነጋዴ የማይቀረውን ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋራ ደምሮ እንዲያሳይ ያዛል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ዳሩ ግን ሻጩ አድራሻው በማይታወቅ አገር ተቀምጦ በኢንተርኔት ሲሸጥ ሕግ ሁሉ እጁ ያጥራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ ገዢው ራሱ ሊሆን ይገባዋል።

የእነዚህ ማስታወቂያዎች ቃል ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ከአንድ ፍርድ እንረዳለን። በካሊፎርኒያ ቀድሞ የቲ ሞባይል ስልክ መሸጫ የነበረው ሰው ከ50 በላይ የኩባንያውን ሠራተኞች የምስጢር መግቢያ በተንኰል ወስዶ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ስልኮችን ከፈተ። ለሕዝብ ግን ሥራው ከኩባንያው የተፈቀደ ነው እያለ ያስታውቅ ነበር። በዚህም 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገኘ። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከ28 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ካሳም እንዲከፍል ታዘዘ። እንግዲህ ስልኩ በእርግጥ ቢከፈት እንኳ ገዢው ሳያውቅ የሌብነት ተካፋይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ለቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅመውን በአጭሩ እናመለክታለን።

1ኛ፤ ስልክ ከመግዛትና ከመላክ በፊት መከፈቱን መመርመር ነው። በአይፎን «ሴቲንግ»፤ ቀጥሎ «ጄኔራል»፤ ከዚያም «አባውት» በሚለው ውስጥ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ቃል ጐን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ተብሎ ቢገኝ ስልኩ ክፍት ነው። ሌላውን ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ አስገብቶ መፈተን ይበቃል።

2ኛ፤ ተቆልፎ ቢገኝ አስቀድሞ ስልኩን የገዛው ሰው ራሱ የሸጠለትን ኩባንያ ይጠይቅ። ተቀባዩ ከዚህ ሆኖ ቢጠይቅ ደንበኛ አይደለህም ሊባል ይችላል፤ የገዛው ሰው ግን የሚደመጥ መብት አለው።

3ኛ፤ «በነፃ» ከሚል ቃል በኋላ የካርድ ቁጥር የሚጠይቀውን ሁሉ መሸሽ ነው። ዋጋ ጠያቂው የመጨረሻውን ጠቅላላ ሂሳብ ካልጻፈ፤ ሥራው ባይሳካ ገንዘቡ የሚመለስበትን ውል ካላሳየ፤ አድራሻውም ካልታወቀ፤ አይከፈለው። በሰፈር ለሚገኝ ጠጋኝም ቢሆን የሚከፈለው የራስ ሲም ካርድ ገብቶ ሲሠራ ከታየ በኋላ ይሁን።

4ኛ፤ የተታለለ ሰው ሁለተኛውን ክፍያ ለመጀመሪያው ማዳኛ ብሎ አይስጥ። ሳይዘገይ ለባንኩ አስታውቆ ካርዱን ያሳግድ፤ የተወሰደበትንም ገንዘብ በዚያው ይከራከርበት።

5ኛ፤ ከሁሉ በላይ ነገሩን ከቤተሰብ አይሰውር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ተጠንቀቅ ለማለት የተነገረ እንጂ የተመነጠረውን ለማሳፈር የተነገረ አይደለም። የሚያፍር ቢኖር አታላዩ ነው።

ያች ወይዘሮ ዛሬ የልጃቸውን መልክ በዚያው ስልክ እያዩ ይነጋገራሉ። የእህታቸውን ልጅ ግን የወቀሱት በአንድ ቃል ብቻ መሆኑን ነግረውናል፤ «ልጄ፤ ገንዘቡስ ገንዘብ ነው፤ እኔን የከፋኝ ሳትነግረኝ ለብቻህ መብሰልሰልህ ነው» አሉት። የተቆለፈው ስልክ በሁለት ቀን ተከፈተ፤ ተቆልፎ የቆየው የቤተሰቡ ጨዋታ ግን ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ ሐዘን በቀረ ነበር።