ድንቹን ለወጥ፣ ቅዝቃዜውን ለዓይን

ለዓይን ሥር ጥቁረትና እብጠት ድንች ቆርጦ ማስቀመጥ ይጠቅማል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ደንበኞቼ መልሴ «ቀዝቃዛ ከሆነ ይጠቅማል» ነው። ሳንሱሲ ሰፈር በምሠራበት መድኃኒት ቤት ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት ሴቶች ናቸው። እንጀራ ለመጋገር በሌሊት የሚነሱ አሉ፣ ሕፃን የሚያጠቡ አሉ፣ ሠርግ የደረሰባቸውም አሉ። አልፎ አልፎ የታክሲ ሾፌሮችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል።

የዓይን ቆብና የዓይን ሥር ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሥሩ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች በላዩ ጠቆር ብለው ይታያሉ። እንቅልፍ ሲጎድል ፊት ይገረጣና ጥቁረቱ ይጎላል፤ ማታ ጨው የበዛበት ምግብ ከተበላ ደግሞ ቦታው ውሃ ቋጥሮ ያድራል። ቅዝቃዜ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ እብጠቱንም ለጊዜው ይቀንሳል። ድንቹም፣ ኪያሩም፣ ተነክሮ የቀዘቀዘው የሻይ ከረጢትም በዋናነት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ብታስቀምጡ ያው ነው፤ ድንቹ ለወጥ ይተርፋል።

ለዚሁ ጥቁረት በሚቀባው ሎሚ ግን አልስማማም። ሎሚ አሲድ ነው፣ ስሱን ቆዳ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብሳል። የእኛ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ጥቁር ምልክት ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥቁረት ለማጥፋት የተቀባ ሎሚ ሌላ ጥቁረት ይተክላል። ቤኪንግ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርትም እዚያ ቦታ አይቀቡ። ኩል የምትጠቀሙም አስተውሉ፤ አንዳንዱ ኩል እርሳስ አለበት፣ እርሳስ ደግሞ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከጓዳ የሚወጣው አይደለም። ሎሚው አልሠራ ሲል ጎረቤት «ይቺን ቀቢ፣ በሳምንት ፏ ያደርግሻል» ብላ የምትሰጠው ክሬም ነው። ቱቦውን አምጥተው ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁለቱም ብርቱ ስቴሮይዶች ናቸው፤ ለተወሰነ የቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በሐኪም የሚታዘዙ። መጀመሪያ ያቀላሉ፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ሲቆዩ ግን ስሱን ቆዳ ጭራሽ ያሳሳሉ፤ ያኔ የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ይልቅ ይታያሉ። ወደ ዓይን ሲገቡ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ የዓይን ሞራም ያመጣሉ። የግፊቱ መጨመር ወደ ግላኮማ ሲያመራ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የጠፋውም ብርሃን አይመለስም። ይህን እያወቅን ያለ ማዘዣ የምንሸጥ ባለሙያዎች ብንኖር፣ ዛሬውኑ እንድናቆም እለምናለሁ። ምንነቱ ያልተጻፈበት ማቅያ ክሬም ደግሞ ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል።

በምንም ቅባት የማይጠፋ ጥቁረትም አለ። እናትሽና አያትሽ ካላቸው የቤተሰብ ነው፣ በሽታ አይደለም። ከጭስና ከአቧራ የተነሣ ዓይኑን ቀኑን ሙሉ የሚያሽ ሰው ደግሞ መዳን ያለበት ማሳከኩ ነው፤ እሽታው ሲቆም ጥቁረቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠርና የዓይን ቆብ ውስጡ መገርጣት ካለ የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ዓይኖች የሚያብጡ፣ እግርም አብሮ የሚያብጥ ከሆነ የሽንት ምርመራ አይዘግይ፤ ኩላሊት ሊሆን ይችላል።

ለቆዳ ሐኪም ሩቅ አይደለንም። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት የሕክምና ማዕከል እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ነው፤ ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል። ከዓይናችሁ ሥር ስቴሮይድ ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ ቱቦውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፣ የዓይናችሁንም ግፊት አስለኩ።