ለሁሉም አንድ የስልክ ቁጥር፣ ለየስብሰባው ግን የራሱ መለያ

ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ምርጥ ዘር ሥርጭት የሚመክሩ ስብሰባዎች በቪዲዮ ሊካሄዱ ይችላሉ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ የሚገኝ የገበሬ ማኅበር መሪ ግን ውሳኔውን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ይሆናል። የማዳበሪያው መጠንና የሚደርስበት ጊዜ በሚወሰንበት ሰዓት የገበሬው ድምፅ ከሌለ፣ ጉዳቱ በኋላ በማሳው ላይ ይታያል።

ይህን ችግር የሚያቃልል አንድ መንገድ አለ። ይኸውም በተራ የእጅ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ወደ አንድ የጋራ መግቢያ ቁጥር ደውሎ ከቪዲዮው ስብሰባ ጋር መገናኘት ነው። ደዋዩ ምስል ባያይም ይሰማል፤ ይናገራልም።

አሠራሩ ለገበሬው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር፣ ደዋዮች ሁሉ በአንድ ቁጥር ገብተው የስልካቸውን ቁልፍ በመጫን የሚፈልጉትን ምክር ይመርጡ ነበር። በስብሰባ መግቢያውም ላይ ደዋዩን ወደ ቦታው የሚያደርሱት የሚጫናቸው አኃዞች ናቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን የተጣመሩ ሁለት ድምፆች በመስመሩ ይላካሉ። ጥሪውን የሚቀበለው መሣሪያ ከድምፆቹ አኃዙን ለይቶ ደዋዩን ወደ ተጠራበት ስብሰባ ይመራዋል።

ነገሩ ከወፍጮ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ወደ አንድ ወፍጮ ቤት የብዙ ቤተሰብ እህል ይገባል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በጆንያው ምልክት ነው። በአንዱ ስልክ ቁጥርም በርካታ ስብሰባዎች ይስተናገዳሉ። ስለዚህ የስልክ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መደወል አይበቃም።

ለምሳሌ ዙም በተባለው የስብሰባ ዘዴ ደዋዩ በመጀመሪያ ከ9 እስከ 11 አኃዝ ያለውን የስብሰባ መለያ ቁጥር ጽፎ የመሰላል ምልክቱን ይጫናል። የተሳታፊ ቁጥር ሲጠየቅ፣ ከሌለው መሰላልን ደግሞ መጫን ይበቃዋል። የይለፍ ቁጥር ከተጠየቀም እርሱን አስገብቶ መሰላልን ይጫናል። ከገባ በኋላ ኮከብና 6 ድምፁን ይዘጋሉ ወይም ይከፍታሉ። ኮከብና 9 ደግሞ እጅ ለማውጣት ያገለግላሉ።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች የስብሰባ ጥሪ ሲደርሳቸው አስቀድመው ሊያጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ።

አንደኛ፣ ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት የስልክ መግቢያውን መክፈቱ ይጠየቅ። የስልክ ቁጥሩ፣ የመለያ ቁጥሩና በአኃዝ የተጻፈው የይለፍ ቁጥር በወረቀት ላይ ይስፈሩ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይለይ። ከኮምፒውተር ተገልብጦ በመጣ ጥሪ ላይ 9 ሰዓት የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ያላጣራ መሪ ከቀትር በኋላ ሲደውል ስብሰባው ተበትኖ ይቆየዋል።

ሦስተኛ፣ ወጪው ይታወቅ። የመግቢያው ቁጥር የውጭ አገር ከሆነ የሚከፈለው የውጭ አገር ጥሪ ሒሳብ ነው። የስልኩ ሒሳብ በመካከሉ ካለቀ መስመሩ ይቋረጣል።

አራተኛ፣ የይለፍ ቁጥሩ ለማይመለከተው ሰው አይሰጥ። መግቢያውን ያገኘ ሁሉ የማኅበሩን ምክር ሊያዳምጥ ይችላልና።

ከስብሰባው ቀን በፊት አንድ ጊዜ መሞከሩ ብዙ ድካም ያተርፋል። ስልኩን ሞልቶ ማደር፣ ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታ መምረጥ፣ ተራ እስኪደርስም ድምፅን ዘግቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። የአንድ ስልክ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ደግሞ የኮሚቴው አባላት በአንድነት ተቀምጠው ሊከታተሉ ይችላሉ። ጸሐፊውም ውሳኔውን እየሰማ በቃለ ጉባኤ ይይዛል።

የስብሰባው ጥቅም ግን መሪው ስልኩን ሲዘጋ አያበቃም። የተነገረው በማግስቱ ለአባላቱ ሊነገር ይገባል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ የተባለውም ለዚሁ ነው።