ሳይነሣ የሚወድቅ ፕሮግራም

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በየጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር ለሚሠሩት ፕሮግራሞችም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ለአለቃው የሚያቀርበውን ሪፖርት ለመጨረስ ኮምፒዩተሩን ይከፍትና ፕሮግራሙን ለማስነሣት ይሞክራል። መስኮት አይከፈትም፤ ምክንያቱን የሚነግረውም የለም። ደግሞ ይሞክራል፤ ያው ነው። በመጨረሻ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ወይም ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ሲታገል የቆየ ሥራውን አብሮ ያጠፋል። ጥፋቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው።

ፕሮግራም ሲነሣ ብዙ ነገር ይሻል። የተጠቃሚውን ምርጫ የያዘውን ፋይል ያነባል፤ አጋዥ ፋይሎችን ይጠራል፤ መዝገቦቹን ይከፍታል፤ ብዙውን ጊዜ መስኮቱን የሚያሳየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል፣ ችግሩን የሚናገርበት አፍ ገና አላገኘም ማለት ነው። ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ያለ ጥቁሩ የጽሑፍ መስኮት ሲነሣ፣ የስሕተቱ መልእክት የሚወጣበት ቦታ ስለሌለው ጠፍቶ ይቀራል።

ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን።

አንደኛ፤ ስሕተትን የሚይዘውና የሚመዘግበው ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ይቁም። ይህ ክፍል በራሱ ብዙ አጋዥ የማይሻ መሆን አለበት፤ አለዚያ የጎደለው ነገር እርሱንም ይዞት ይወድቃል። መዝገቡም በተጠቃሚው በራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሞች በሚጫኑበት ፎልደር ውስጥ ተራ ተጠቃሚ እንዲጽፍ አይፈቀድለትምና።

ሁለተኛ፤ የሚታለፈውና የማይታለፈው ይለይ። የምርጫው ፋይል ተበላሽቶ ቢገኝ፣ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን ማስቀመጥና በተለመደው አሠራር መነሣት ይቻላል፤ ይህንንም ለተጠቃሚው መንገር ነው። የሥራው መዝገብ አልከፈት ቢል ግን መቆም ይገባል። በእርሱ ፈንታ ባዶ መዝገብ መፍጠር ትልቅ በደል ነው፤ ባለቤቱ ያን ባዶ ሲያይ የዓመታት ድካሙ የጠፋ ይመስለዋል።

ሦስተኛ፤ መልእክቱ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልተነካ፣ አሁንስ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገር። ቁጥር ብቻ መጻፍ ለባለሙያው እንጂ ለተጠቃሚው አይጠቅምም።

ያለፈውን ውድቀት ማስታወስም ብልህነት ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ አንዲት ምልክት ይጽፋል፤ በደኅና ሲከፈት ይሰርዛታል። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቲቱን ሳትሰረዝ ካገኛት፣ ባለፈው መውደቁን ያውቃል። ማይክሮሶፍት ዎርድ ባለፈው ጊዜ በትክክል ሳይነሣ ቀርቶ እንደሆነ፣ ተጨማሪ መሣሪያዎቹን ትቶ በጥንቃቄ ይነሣ እንደሆነ ተጠቃሚውን ይጠይቃል። ፋየርፎክስም ሲነሣ ደጋግሞ ከወደቀ ተመሳሳይ ምርጫ ያቀርባል።

ይህን ሁሉ መፈተን አያስቸግርም። የምርጫውን ፋይል ደብቆ፣ የመዝገቡን ስም ለውጦ ፕሮግራሙን ማስነሣት ነው። የሚሆነውን ጸሐፊው ራሱ ሳያይ ለሰው መስጠት አይገባውም።

ባለጉዳይን ምክንያቱን ሳይነግር በር ላይ የሚያስቀር ጸሐፊ በማንም ዘንድ አይመሰገንም። ጉዳዩ ባይፈጸም እንኳ «ይህ ስለጎደለ ነው፤ ይህን አሟልተህ ና» የሚለው ግን ይመሰገናል። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ መውደቅ ከማንም አይቀርም፤ የወደቀበትን ሳይናገር መቅረት ግን ነውር ነው እንላለን።